ማስል ውስጥ የሚጠራቀመው ማይክሮፕላስቲክ፦ የኛን ቆሮሶስ ይመለከተዋል?

የዓሣ_ቤቷ | ማክሰኞ ማታ 3:12

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ በተለይ የሳይንስ ሰው ካለ እባካችሁ። እህቴ ብራሰልስ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው የምትሰራው፣ እዛ አገር ማስል የሚሉት ጥቁር ዛጎል ያለው የባህር ነገር አለ፣ በድስት ሙሉ ቀቅለው ከድንች ጥብስ ጋር ነው የሚያቀርቡት፣ አንድ ሰው አንድ ድስት ለብቻው ይጨርሳል። ሰሞኑን ስንደዋወል "ይሄ ነገር ውስጡ ፕላስቲክ ይጠራቀማል እየተባለ ነው፣ በዓይን የማይታይ፣ ደንበኛው ሁሉ እየጠየቀን ነው" አለችኝ፣ እኔ ሳቅኩባት። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ደንበኛ (ቲክቶክ አይቶ መሆን አለበት) "የናንተ ዓሣስ ፕላስቲክ የለበትም?" ብሎኝ እርፍ። እኔ አሞራ ገደል አካባቢ ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ፣ ጥብስ፣ ሾርባ፣ ጥሬውን በዳጣ፣ ያው የምታውቁት ነው። ዝም አልኩት፣ ምን ልበለው? እና ጥያቄዬ ይሄ ፕላስቲክ የሚባለው ማስሉ ውስጥ እንዴት ነው ገብቶ የሚቀረው፣ የኛ ቆሮሶ ላይም እንደዛው ነው ወይስ ሌላ ነው? የሚያውቅ ይመልስልኝ፣ ለመሳደብ የመጣ ግን ይለፈኝ 🙏

አባ_ኮዳ_ነኝ | ማታ 3:20

የባህር በር ሳይኖረን የባህር ጣጣ መጣብን በሉኛ ሃሃሃሃ። ማስል የሚባለውን እኔ በፎቶ ነው የማውቀው፣ አያቴ እሱን በላሁ ብላት በቀጥታ ጸበል ነው የምትወስደኝ

የፒያሳ_ልጅ | ማታ 3:31

ዓሣ መብላት አቁሙ ሊሉን ነው በቃ። ሥጋው አልቀመስ ብሏል፣ ዓሣ ቀረን ስንል እሱም ፕላስቲክ ሆነ

ባዮ_ቲቸር | ማታ 4:05

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ሃይስኩል ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ማስተርሴንም በሐይቅ ጉዳይ ስለሰራሁ ትንሽ ልበል፣ ይረዝማል ታገሱኝ።

ማስል እንዴት እንደሚበላ ካልገባን ቀሪው አይገባንም። ማስል አይሄድም አያድንም። ድንጋይ ላይ ወይ ገመድ ላይ ራሱ ባወጣው ክር ተጣብቆ ዕድሜውን እዛው ነው። ዛጎሉን ገርበብ አድርጎ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ውሃው በስንጥቡ ላይ ያልፋል፣ ስንጥቡ ላይ ያሉት ሲሊያዎች (ፀጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው) እና ንፍጥ የተንሳፈፈውን አልጌ ምናምን ይዘው ወደ አፉ ይገፉታል፣ የተረፈው ውሃ ይወጣል። አንድ ደህና የሚያክል ማስል በሰዓት አንድ ሁለት ሊትር ያሳልፋል። ወንፊት በሉት። አልጌውና ፕላስቲኩ ደግሞ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፣ ስለዚህ አብረው ይያዛሉ።

ግን እዚህ ላይ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፣ ማስል የመጣለትን ሁሉ አይውጥም። አፉ አጠገብ መለያ አለው፣ ያልተመቸውን በንፍጥ ጠቅልሎ ሳይውጠው መልሶ ይተፋዋል። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አሜሪካ ኮነቲከት ያሉ ተመራማሪዎች ለማስልና ለኦይስተር (እሱም እንደ ማስል ባለ ዛጎል የባህር ነገር ነው) የተለያየ መጠን ያለው ፕላስቲክ ሰጥተው ሲያዩ ትንንሹን ሉል በብዛት ይውጡታል፣ እየተለቀ ሲሄድ በብዛት ይተፉታል። ስለዚህ ማስሉ ውስጥ የተገኘው ባህሩ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፣ በማስሉ ምርጫ ያለፈው ነው የሚገኘው።

የተዋጠውም ቢሆን አብዛኛው ከሰዓታት ወይ ከቀናት በኋላ በሰገራው ይወጣል። ጉዳዩ ያለው የማይወጣው ላይ ነው። በ2008 ማርክ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ከነ ሪቻርድ ቶምሰን ጋር (ቶምሰን ማለት በ2004 ማይክሮፕላስቲክ የሚለውን ስም ያስለመደው የእንግሊዙ ፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው) ማስሎችን 3 ማይክሮሜትር እና 9.6 ማይክሮሜትር የሆነ ፕላስቲክ አበሏቸው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ሰባ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ ገምቱት። በሦስት ቀን ውስጥ ፕላስቲኩ ከአንጀት አልፎ ደማቸው ውስጥ ተገኘ፣ ከ48 ቀን በኋላም እዛው ነበር፣ ትንሹ መጠን ደግሞ ከትልቁ በበለጠ አልፏል። በ2012 ደግሞ ሌሎች ሰዎች የምግብ መፍጫ እጢው ሴል ውስጥ ድረስ ገብቶ አይተውታል፣ ሴሎቹም ተቆጥተው ነበር።

የተጠራቀመ የሚባለው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፣ አንጀት ውስጥ ያለው ገብቶ ወጪ እና ቲሹ ውስጥ የሰረገው። ገብቶ ወጪው ይበዛል።

አባ_ኮዳ_ነኝ | ማታ 4:11

ቲቸር ይሄ ለፈተና ይመጣል?

ባዮ_ቲቸር | ማታ 4:12

ይመጣል። አንተን ነው የምጠይቀው

ነርስ_ሃና | ማታ 4:26

ቲቸር አመሰግናለሁ ግን ነገሩን አለሳለስከው መሰለኝ። እኔ የሰማሁት ዛጎል በሊታ አውሮፓዊ በዓመት 11,000 ፕላስቲክ ይውጣል ነው። አስራ አንድ ሺ! በ2022 ደግሞ ሆላንድ ውስጥ የ22 ሰው ደም መርምረው 17ቱ ላይ አግኝተዋል። በ2024 ጣልያኖቹ ከታማሚ የአንገት ደም ስር ውስጥ የተጠራቀመውን ቅባት አውጥተው ሲያዩ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሰዎች ከዛ በኋላ ለሃርት አታክ ለስትሮክ ለሞት የነበራቸው አደጋ ካልተገኘባቸው አራት እጥፍ ተኩል ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ እኔ በሥራዬ ስትሮክ አያለሁ።

ባዮ_ቲቸር | ማታ 4:58

ሲስተር ሃና የጠቀስሻቸው በሙሉ ልክ ናቸው፣ አልክድም። ግን እያንዳንዱ ምን እንዳለ እንይ።

11,000 የምትለዋ ከቤልጅየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ናት፣ 2014። ያገኙት ማስል ላይ በአንድ ግራም ሥጋ 0.36 ቅንጣት፣ ኦይስተር ላይ 0.47 ነው። 11,000ው በጣም ብዙ ዛጎል ለሚበላ ሰው የወጣ የላይኛው ጣሪያ ነው፣ ለሁሉም አይደለም። አንድ ድስት ሲወጣ 225 ግራም ሥጋ አለው እንበል፣ በ0.36 አባዢው፣ ሰማንያ ገደማ ቅንጣት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2016 ይሄንኑ 225 ግራም ይዞ በክብደት ሲያሰላው 7 ማይክሮግራም ነው ያለው፣ ሰባት ሚሊዮንኛ ግራም ማለት ነው፣ እና ፕላስቲኩ ይዞት ከሚመጣው ኬሚካል አንፃር ሌላ ምግብ ላይ ከምናገኘው ጋር ሲተያይ ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም ነበር መደምደሚያው።

አሁን ወደሚገርመኝ ልምጣ። በ2018 ኤዲንብራ ያለው የሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ማስል ውስጥ ያለውን ቆጠሩ፣ ከጎን ደግሞ ሰው ቤት እራት ሲቀርብ ሳህኑ አጠገብ የሚያጣብቅ ነገር ያለበት ብልቃጥ አስቀመጡ፣ አየር ላይ የሚበር ክር ስንት እንደሚያርፍ ለማየት። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው ከማስል በዓመት 123 ቅንጣት ያገኛል፣ እራት ሲበላ ሳህኑ ላይ ከሚያርፈው የቤት አቧራ ግን ከ13,000 እስከ 68,000። ከምንጣፉ ከሶፋው ከሹራቡ ነው የሚመጣው። ማስሉን ትቶ ዳቦ የበላውም ያንኑ አቧራ በልቷል።

የጣልያኑን ጥናት በተመለከተ አብረው መገኘታቸውን ነው ያሳየው፣ ፕላስቲኩ ነው ያመጣው አላለም፣ ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ይሄንን አስምረውበታል። ያ ማለት ችላ ይባል ማለት አይደለም። እኔም ችላ አልልም። ግን "ማስል በላ፣ ስትሮክ መታው" የሚል መስመር የለም።

መረብ_ጣይ | ማታ 5:40

እኔ ትምህርቱ የለኝም ሐይቁ ላይ ነው ያደግኩት። ፕላስቲክ የለም የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይምጣ ጀልባ ላይ ላውጣው። መረቡ ራሱ ናይለን ነው፣ በየቀኑ እንጨት ላይ ድንጋይ ላይ ይያዛል ይበጠሳል፣ የተበጠሰውን ቆርጠህ ትጥላለህ የት ትጥላለህ እዛው ውሃው ላይ ነዋ። ድንጋይ ሞልተን መልህቅ የምናደርገው ማዳበሪያ አለ፣ ዳር ላይ ፀሐይ ላይ ከከረመ በእጅህ ጨበጥ ስታደርገው ዱቄት ይሆናል፣ ነጭ ቅርፍት ቅርፍት እያለ መዳፍህ ላይ ይለጠፋል፣ ታጥበህ አይለቅም፣ ንፋስ ሲመጣ ደሞ ሁሉም ወደ ውሃው። የፌስታሉን የሃይላንዱን እንተወው። አምባዛ ስንበልት ሆዱ ውስጥ የፌስታል ቁራጭ አይቻለሁ አንዴ አይደለም። ቆሮሶ ላይ ግን በዓይኔ አላየሁም።

ባዮ_ቲቸር | ረቡዕ ጠዋት 1:15

@መረብ_ጣይ ወንድሜ ያቺ የማዳበሪያ ነገር የምትገርም ናት፣ ክፍል ውስጥ እጠቀምባታለሁ። ማዳበሪያው የተሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፣ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል፣ ይደርቃል ይሰባበራል። መዳፍህ ላይ ያየኸው በዓይን የሚታየው ነው፣ እሱ ራሱ ሲሰባበር የማይታየው ይመጣል። ፌስታልና ማዳበሪያ ከውሃ ስለሚቀሉ መጀመሪያ ይንሳፈፋሉ፣ ከዛ አልጌ ሲለብሳቸው ይሰጥማሉ። የመረቡ ናይለን እና የሃይላንዱ ፕላስቲክ ግን ከውሃ ስለሚከብዱ በቀጥታ ወደ ታች ነው። ውቅያኖስ ላይም እንደዚሁ ነው፣ ማስል የሚረባው ገመድ ላይ ስለሆነ የሚረባበት ገመድ ራሱ አንዱ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

አምባዛው ላይ ማየትህም አይገርምም፣ አምባዛ ታች ጭቃው ላይ ነው የሚመገበው፣ ያገኘውን ነው የሚውጠው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ በ2020 የታተመ ጥናት አለ፣ አራት ዓይነት ዓሣ አይተው ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሆዱ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል፣ ታች የሚመገቡት ላይ ይበዛል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ታንዛኒያ ምዋንዛ ደግሞ በ2016፣ ከናይል ፐርች እና ከቆሮሶ በየዓይነቱ ከአምስት አንዱ ላይ። ሐይቃችን ደግሞ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የገባው ነገር እዛው ነው።

የማርያም_ወዳጅ | ጠዋት 1:40

ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አትብሉ የተባለው በከንቱ አይደለም። አምባዛ አልበላም ስል ኋላቀር ትሉኝ ነበር

አባ_ኮዳ_ነኝ | ጠዋት 1:44

ማዘር ቆሮሶም ተገኝቶበታል እኮ ተባለ፣ ከአምስት አንዱ

የማርያም_ወዳጅ | ጠዋት 1:51

ማዘርህ አይደለሁም። ደሞ ቆሮሶ ሆዱ ይወጣል ይታጠባል።

ባዮ_ቲቸር | ጠዋት 2:03

አሁን እትዬ የተናገሩት ነው ዋናው ነገር!! እዚህ ላይ ነው ማስልና ቆሮሶ የሚለያዩት።

ማስልና ኦይስተር ሲበሉ ከነሆድ ዕቃቸው ነው። አንጀቱ፣ እጢው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይዋጣል። ለዛ ነው ዛጎል ላይ ያለ ጥናት ብዙ ጊዜ "በአንድ ግራም ሥጋ" እያለ የሚቆጥረው፣ ሥጋና አንጀት የሚባል መለያ የለውማ። የኛ ዓሣ ግን አሞራ ገደል ላይ ልጆቹ ሲበልቱ አይታችኋል፣ ሆዱን ሰንጥቀው የሆድ ዕቃውን ለአባ ኮዳዎቹ (ለነዛ ትልልቅ ወፎች) ይወረውሩላቸዋል፣ ከዛ ከአጥንቱ ሁለት ፊሌቶ ያነሳሉ፣ ቆዳውን ይገፉታል፣ ለሰው የሚደርሰው ያ ነጩ ሥጋ ብቻ ነው። ዝዋይም ቪክቶሪያም ላይ የተገኘው ሆድ ውስጥ ነው። ፕላስቲኩን የሚበላው እንግዲህ አባ ኮዳ ነው (ስሙን ለወሰደው ወዳጃችን የተላለፈ መልእክት)።

በጣም የደቀቀው ከአንጀት ወደ ሥጋ ሊያልፍ ይችላል፣ ማስሉ ላይ አይተነዋል። ግን በብዛት የት አለ ካላችሁ ሆድ ውስጥ ነው።

የዓሣ_ቤቷ | ጠዋት 2:30

እፎይ። ስለዚህ ለዛ ሰውዬ "ሆዱን አውጥተን ነው የምንሸጥልህ" ልበለው። ሲበስልስ አይጠፋም? እህቴም ጠይቂልኝ ብላለች፣ ማስሉ ሲፈላ አይሞትም ወይ ትላለች

ባዮ_ቲቸር | ጠዋት 2:41

የሚሞት ነገር ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ፖሊኢትሊን (የፌስታሉ ፕላስቲክ) ለመቅለጥ ከ110 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ የሃይላንዱ ፕላስቲክ ወደ 250። ሐዋሳ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 አካባቢ ላይ ነው። ቢቀልጥም ቅርፁን ይቀይራል እንጂ የት ይሄዳል።

ጥቁር_ውሃ_ሰፈር | ጠዋት 3:10

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው። እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ የጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ ጥርሳችንን አቡንቶታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበቃል ያለውን ስንት ጉድጓድ ያልፈዋል፣ አጥንት የጎበጠ ሰው አላያችሁም? ቢልሃርዚያ አለ፣ ታይፎይድ አለ። እናንተ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ነገር ላይ ታድራላችሁ። ቤልጅጎች ይጨነቁበት፣ የሚጨነቁበት ሌላ ነገር ስለሌላቸው ነው

ነርስ_ሃና | ጠዋት 3:25

አንዱ ሌላውን ያስቀራል እንዴ? ፍሎራይድ ስላለ ፕላስቲክ አይታይ ማለት ምን ዓይነት ክርክር ነው

ባዮ_ቲቸር | ጠዋት 3:52

@ጥቁር_ውሃ_ሰፈር በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ። እንደውም ዓሣችን ላይ ተለክቶ የታወቀ ሌላ ነገር ልንገርህ፣ ሜርኩሪ። እዚሁ ሐይቃችን ላይ የዛሬ ሃያ ዓመት አካባቢ የተሰራ ጥናት አለ፣ ትልልቁ ቢልጫ ከቆሮሶ በጣም የበለጠ ሜርኩሪ ነበረው። ምክንያቱ ቢልጫ ሲያድግ ሌላ ዓሣ ይበላል፣ ሜርኩሪ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር በበላና በተበላ ቁጥር ወደ ላይ እየተከማቸ ይሄዳል። ቆሮሶ አልጌ በሊታ ስለሆነ ታች ነው።

ፕላስቲክ እንደዛ አይደለም። ማስሉን ሸርጣን ይበላዋል፣ ሸርጣኑ ውስጥም ይገኛል፣ ይሄ በቤተ ሙከራ ታይቷል፣ ግን አብዛኛው እንደገባው ስለሚወጣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይበዛል ማለት አይቻልም። ስለዚህ "ይጠራቀማል" ሲባል ሰው እንደ ሜርኩሪ አድርጎ ነው የሚረዳው፣ ለኔ ትልቁ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማስሉ ራሱ ግን ይጎዳል ወይ የሚል ካለ፣ ፈረንሳዮች በ2016 ኦይስተርን ለሁለት ወር ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ቅንጣት ባለበት ውሃ ውስጥ አቆይተው የእንቁላሉ ቁጥር በ38 በመቶ ቀንሷል፣ የወንዱም ዘር ፍጥነት ቀንሷል። ምግብ መስሎት ፕላስቲክ ሲያጣራ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ለመራባት የሚተርፈው ያንሳል። ለዛጎል አርቢው ይሄ ቀጥታ የገበያ ጉዳይ ነው።

ኢንጂነሩ_23 | ጠዋት 4:30

አይዲያ አለኝ። ማስል ይሄን ያህል ውሃ የሚያጣራ ከሆነ አምጥተን ሐይቃችን ውስጥ ብንጨምረውስ? ያጣራልናል፣ ከዛ እናወጣዋለን። ሲሪየስ ነኝ

መረብ_ጣይ | ጠዋት 4:38

እምቦጭም ለአበባ ተብሎ ነው የመጣው

ባዮ_ቲቸር | ጠዋት 4:55

@መረብ_ጣይ ጨረሰልኝ። ግን ኢንጂነር አይዲያው ሞኝ አይደለም፣ ፕሊማውዝ ያሉት የባህር ተመራማሪዎች ወንዝ ከባህር የሚቀላቀልበት ላይ ማስል ደርድረው ፕላስቲኩን በሰገራው ሲጥል ከስር ሰብስበን እናውጣ እያሉ ሞክረውታል። ሰገራው ስለሚከብድ ይሰጥማል፣ መሰብሰብ ይቻላል። ሐይቃችን ላይ ግን ያ ማስል የጨው ውሃ ነው፣ አይኖርም። የጨው አልባ ውሃ ዘመዱን ላምጣ ካልክ ደግሞ አሜሪካኖች ዜብራ ማስል የሚባለው ሰማንያዎቹ ውስጥ ሐይቆቻቸው ገብቶባቸው የውሃ ቧንቧ እየዘጋ እስከ ዛሬ ያስለቅሳቸዋል። ቪክቶሪያም ላይ ናይል ፐርች ጨምረው የስንት ዓሣ ዘር ጠፋ።

ስፌት_ላይ_ነኝ | ከሰዓት 7:20

ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት። እኔ ልብስ ስፌት ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ፖሊስተር ነው የምነካው፣ ማታ ስወጣ ቅንድቤ ላይ ሁሉ ክር አለ። እና ስለ ክር ያላችሁት ገባኝ። ግን ልብስ ሲታጠብስ? ሰፈራችን ሐይቅ ዳር ሄዶ የሚያጥብ አለ፣ ባጃጁንም ምንጣፉንም

ባዮ_ቲቸር | ከሰዓት 7:48

ዋው፣ ይሄንን ማንም እስከ አሁን አላነሳውም። ዛጎል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቅርፅ ሉል አይደለም፣ ክር ነው። የልብስ ክር። በ2016 ፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ 6 ኪሎ ልብስ በማሽን አንድ ጊዜ ሲታጠብ ስንት ክር ሊያወጣ እንደሚችል አሰሉት፣ አክሬሊክ ከ700,000 በላይ፣ ፖሊስተር ወደ 500,000፣ ጥጥ የተቀላቀለበት ፖሊስተር ወደ 138,000። ጥጥ ሲቀላቀልበት እንዴት እንደወረደ አየሽ? የኛ ሰው የሚያጥበው በእጅ ነው፣ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፣ ግን ክሩ መውጣቱ አይቀርም። ባጃጁ ደግሞ ከጎማው የሚበላ ላስቲክ አለው፣ ያ አስፋልት ላይ ቆይቶ ዝናብ ሲመጣ ቱቦ፣ ከቱቦ ሐይቅ።

ነርስ_ሃና | ከሰዓት 8:10

ቲቸር አንድ ነገር ልጨምር ከዛ እተወዋለሁ። ሰው ስለ ሐይቁ ሲጨነቅ እጁ ላይ ያለውን ይረሳል። የሚንተከተክ ሾርባ በፌስታል ቋጥሮ የሚሄደውን አያችሁት? ሾርባው ገና እየፈላ፣ ፌስታሉ ሲለሰልስ ሲንጠለጠል፣ ቅባቱ ደሞ ከላይ። ፕላስቲክ በሙቀትና በቅባት ነው የሚለቀው። ይሄ ከየትኛው ማስል ነው የሚያንሰው? በ2024 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የታሸገ ውሃ በአዲስ መሣሪያ ሲያዩት በአንድ ሊትር በአማካይ 240,000 ቅንጣት ነው ያገኙት፣ ዘጠና በመቶው ከማይክሮም ያነሰ ናኖ ነው። ያ እንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ጥቁር_ውሃ_ሰፈር | ከሰዓት 8:15

በዚህስ እስማማለሁ። ፌስታል ሾርባ እኔም አልወድም፣ ጣዕሙ ራሱ ይቀየራል

የዓሣ_ቤቷ | ከሰዓት 8:42

ሲስተር ወደ ኔ ነው የወረወርሽው አውቃለሁ ሃሃ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሰው ጠብሰሽልኝ ሾርባውን ቋጥሪልኝ ነው የሚለው፣ የፎይል ዕቃው ዋጋ ከሾርባው ሊበልጥ ነው፣ ስጨምርበት ደሞ ጎረቤት ጋ ይሄዳል፣ እሷ በፌስታል በነፃ ትሰጣለች። ያ የፌስታል ክልከላ አዋጅ ወጣ አልተባለም እንዴ

የፒያሳ_ልጅ | ከሰዓት 8:50

ወጥቷል፣ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፓርላማው አጽድቆታል። በፊትም በ1999 ስስ ፌስታል ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ይከለክል ነበር፣ ማን ሰማው

መረብ_ጣይ | ከሰዓት 9:02

ድሮ ሰው ከቤቱ ሳህን ይዞ ነበር የሚመጣው፣ ወይ ጆግ። እናቴ ጋ ሾርባ የሚገዛው ሁሉ ዕቃ ይዞ ነው

የዓሣ_ቤቷ | ከሰዓት 9:15

እሺ በቃ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ዕቃ ይዞ ለመጣ ሰው ሾርባ ላይ ቅናሽ፣ ፌስታል ለሚል ደግሞ ትንሽ ቀዝቀዝ እስኪል ይጠብቃል። ቲቸር የመጨረሻ፣ እህቴ ማስሉን ከማብሰላችን በፊት ንጹህ ውሃ ውስጥ ብናቆየው ይወጣለታል ወይ ትላለች፣ አሸዋውን ለማስወጣት እንደዛ ያደርጋሉ አለች

ባዮ_ቲቸር | ከሰዓት 9:40

በከፊል ይወጣል። የጌንቶቹ ሦስት ቀን ንጹህ የባህር ውሃ ውስጥ አቆይተው ሲቆጥሩ ቀንሶ ነው ያገኙት፣ አንጀቱ ውስጥ ያለውን ነው የሚያራግፈው። ውሃው ግን የተጣራ የጨው ውሃ መሆን አለበት፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ከከተቱት ዛጎሉን ዘግቶ ይቀመጣል ከዛም ይሞታል፣ የሞተ ማስል ደግሞ ከፕላስቲኩ በፊት በባክቴሪያ ነው የሚገላቸው። ይሄን የሚያደርገው አቅራቢው ነው፣ ኩሽና ውስጥ አትሞክረው በያት። ቲሹ ውስጥ የገባው ግን በሦስት ቀን አይወጣም፣ የ48 ቀኑን አስታውሺ።

የዓሣ_ቤቷ | ከሰዓት 9:44

እነግራታለሁ። ተባረክ

አባ_ኮዳ_ነኝ | ከሰዓት 9:51

ቅናሹ ከመቼ ነው የሚጀምረው? ትልቅ ድስት ነው ይዤ የምመጣው

የዓሣ_ቤቷ | ከሰዓት 9:53

ከቅዳሜ። ክዳን ያለው ይሁን፣ ባጃጅ ላይ ደፍተኸው ሁለተኛ ሙዪልኝ እንዳትለኝ